መፀው ሰው ይገባዋል?

ፋይሉ የደረሰኝ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የስልኬን ጥሪ እንኳ አልሰማሁም፤ ቴሌግራሙን ያየሁት ሻይ ልጥድ ስነሳ ነው። አሥራ ስምንት ገጽ፣ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ አንድ መልእክት፦ «ጋሼ እንደምን ዋሉ? የሚቀጥለው ወቅት መርሐ ግብር ነው። እስከ ዓርብ በአማርኛ ይድረስልን፣ ማተሚያ ቤት ይገባል።» ቀኑ ረቡዕ ነበር።

እንጀራዬ ትርጉም ነው። የውክልና ወረቀት፣ የድርጅት ሪፖርት፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ ያገኘሁትን እተረጉማለሁ። ከሁሉም የምወደው ግን ይሄንን ነው፤ ክፍያውም ከሁሉም ያንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል በዓመት ሁለቴ የዐውደ ርዕዮቹን፣ የውይይቶቹንና የሙዚቃ ምሽቶቹን ዝርዝር በትንሽ መጽሔት ያወጣል፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። የማዕከሉን ስም አልጠራም፤ ቀጥዬ ትንሽ ስለማማው።

ሽፋኑ ላይ በትልልቁ «ፎል ሲዝን» ይላል፤ ፈረንጆቹ ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅታቸውን «ፎል» ይሉታል። አሥራ ስምንቱን ገጽ ተውትና እዚህች ሁለት ቃል ላይ ሻዬ ቀዘቀዘ።

መዝገበ ቃላት ብትገልጡ አንዱ «መኸር» ይላችኋል፣ አንዱ «በልግ»። በልግን እስቲ ለወሎ ገበሬ ንገሩት! በልግ ከየካቲት ወዲህ የሚጠበቅ፣ አንዳንድ ዓመት የሚቀር፣ ሲቀር ደግሞ ሰው የሚያስርብ ዝናብ ነው፤ ቅጠል የሚረግፍበት የአውሮፓ ወር አይደለም። መኸርም አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው፤ ዐውደ ርዕይ አይታጨድ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሸምድደን ከፈተና በኋላ የጣልነውን ስም አንስቼ «የመፀው መርሐ ግብር» ብዬ ጻፍኩ። ክረምቱ አልፎ ሜዳው አደይ የሚለብስበት፣ እሸት የሚጠበስበት ጊዜ። ደስ አለኝ። ሽፋኑን ብቻ ቀድሜ ፋይሉን ለላከችልኝ የማዕከሉ ልጅ ላክሁላት።

ሁለት ደቂቃ አልቆየችም።

«ጋሼ፣ መፀው ሰው ይገባዋል እንዴ?»

«ፎልስ ይገባዋል?»

«ፎል ይገባዋል» አለችኝ፣ ከነሳቅ ምልክቱ።

ተናደድኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን የልጅቷ መልስ ከእኔ የተሻለ መረጃ እንዳለው ገባኝ። ጎበዝ ናት፤ የማዕከሉን ግማሽ ሥራ ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ መጽሔቱን ማን እንደሚያነበውም ከእኔ በላይ ታውቃለች። ፎል የሚገባው ሰው ነው የሚመጣው። መፀው የሚገባው ሰው አይመጣም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የማይመጣው ስላልፈለገ ነው ወይስ ስላልተጠራ?

ነገሩ የሚከነክነኝ የዚህ ከተማ ጥበብ የራሱ ወቅት ስላለው ነው፤ ከማንም ያልተቀዳ። አውሮፓ ያሉ ሙዚየሞች ሰዉ ከበጋ ዕረፍቱ ሲመለስ አዲሱን ወቅታቸውን ይከፍታሉ። እኛ ዘንድ የሚከፈተው ጭቃው ሲደርቅ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ያሳያሉ፤ ከዚያ ከተማው ይተኛል። ሥዕል እርጥበት አይወድም፣ ተመልካች ጎርፍ አይወድም፣ መብራትም ይሄዳል። እንቁጣጣሽና መስቀል ካለፉ በኋላ ሁሉም በአንዴ ይነቃል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በአንድ ምሽት ሦስት መክፈቻ ተደራርቦብኝ ያውቃል። ገናና ጥምቀት መሀል ገብተው ያቀዘቅዙታል። ሁዳዴ ሲገባ ዘፈኑ ይቀንሳል፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን ይሰቅላል፤ 55 ቀን ቀላል አይደለም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ አንድ ዓመት ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፣ ሌላ ዓመት ይለያል። ፋሲካ ሲፈታ እንደገና ሩጫ ነው፣ እስከ ሰኔ። ይሄን ሁሉ ማንም አልጻፈውም፤ የጥበብ ሰው የሆነ ሁሉ ግን በሆዱ ያውቀዋል። መጽሔቱ ነው የማያውቀው። ጾሙን ሳያይ የመክፈቻ ቀን የቆረጠ አዘጋጅ ጋ ሄጄ ዓርብ ቀን ስድስት ዓይነት አይብና የሥጋ ሳንድዊች ሲደርቅ አይቻለሁ፤ ተጋባዡ ግማሹ ውኃ ብቻ ይዞ ቆሟል። አንድ ሰው ብቻ በልቷል፣ እሱም እንግዳ አይደለም፤ የድምፅ ባለሙያው ነው።

ቀን ካነሳሁ አይቀር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ላውጋችሁ። ያኔ የሚተረጉመው ሌላ ሰው ነበር (እኔ ብሆን ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር)። እንግሊዝኛው «ኦክቶበር 25» ይላል። ተርጓሚው «ኦክቶበር»ን «ጥቅምት» አለና 25ቱን እንዳለ አስቀመጠው። ኦክቶበር 25 ጥቅምት 15 ነው። እንግሊዝኛውን ያነበበ ሰው በቀኑ መጥቶ ወይኑን ጠጥቶ፣ ሠዓሊውን ጨብጦ ሄደ። አማርኛውን ያነበበ ሰው ከአሥር ቀን በኋላ ጥቅምት 25 ነጭ ለብሶ፣ ልጁን ይዞ፣ አንዳንዱም አበባ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጥበቃው መብራቱን አብርቶ አስገባቸው እንጂ መክፈቻ የለም፣ ንግግር የለም፣ ሠዓሊው የለም። ሥዕሎቹን ያለ ግርግር ያዩት እነሱ ናቸው ብሎ የሚጽናና ይኖራል። እኔ አልጽናናም። ሁለት ግብዣ ነበር፤ አንዱ ላይ ጋባዡ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ነው ሥራው ወደ እኔ የመጣው፤ ስለዚህ ቀን ላይ እንደ አበደ ሰው ነኝ። ሁለቱንም አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሰዓቱንም «7 ፒኤም» ሲል «ከምሽቱ 1 ሰዓት» እለዋለሁ። ይሄንንም ልጅቷ አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ስህተት ነው መሰለኝ» ብላ ልታርመው ነበር።

ገጽ ሦስት ላይ «ኩሬተር» የሚለው ቃል መጣ፤ ዐውደ ርዕይ የሚያሰናዳው ሰው ማለት ነው። ለዚህ በአማርኛ የተያዘ ስም አለ፤ የዘርፉ ሰዎች «አጋፋሪ» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው አልጣመኝም ነበር። አሁን ከእንግሊዝኛው የበለጠ እውነት የሚናገር ይመስለኛል። እንግሊዝኛው ከላቲን ሲወርድ «ተንከባካቢ» ማለት ነው፤ ዕቃ ጠባቂ እንደማለት። አጋፋሪ ግን የግብር ቤት፣ የቤተ መንግሥቱ ድግስ አዳራሽ፣ ሰው ነው። በሩ ላይ ይቆማል፣ ይሄ ይግባ ይሄ ይቆይ ይላል፣ ገቢውንም እንደ ማዕረጉ ያስቀምጠዋል፤ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ሥዕልን ከሥዕል ጎን የሚያስቀምጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ያመጣል? ግን ስሙን ስትወስዱ ዕዳውንም አብራችሁ ትወስዳላችሁ፤ አጋፋሪ ምግቡን ብቻ ሳይሆን እንግዳውንም ነው የሚያጋፍረው። የኛ ማዕከል አጋፋሪ ሥዕሎቹን አሳምሮ ይደረድራል። በሩ ላይ ግን ማንም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ (ቢየናሌ) ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት፣ በፓላዞ ቦላኒ፣ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች ያጋፈረው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበር። ሠዓሊው ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ ጀርመን ሽቱትጋርት የተማረ፣ እዚያም ዓመታት የኖረ ነው፤ አጋፋሪው እንግሊዝ አገር በማደጎ ያደገ፣ ስሙ ራሱ ጥያቄ የሆነ ሰው። ከሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ይልቅ ገጣሚ መመረጡን ስሰማ ወደድኩት። ቃል የሚያስጨንቀው ሰው በር ላይ ቢቆም አይከፋም።

ገጽ አራትና አምስት ላይ ግን ገጣሚ አልነበረም።

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ የራሱ እንግሊዝኛ አለው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው የማይናገሩት። ሁሉም ሠዓሊ አንድን ነገር «ይመረምራል»። ማንነትን ይመረምራል፣ ሰውነትን ይመረምራል፣ ከተማን ይመረምራል። በአማርኛ ስትጽፉት ፖሊስ ጣቢያ የገባችሁ ይመስላል፤ ምርመራ ክፍል፣ ወንበርና አምፖል። «ፕራክቲስ» የሚባል ቃል ደግሞ አለ፤ የሠዓሊው ሥራ በጠቅላላ ማለት ነው። አንድ የቆየ መጽሔት ላይ «ልምምዱ» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ፤ ሰላሳ ዓመት የሠራን ሰው ገና እየተለማመደ ነው አስባለው። ቦታ ለማለት የገባውን «ስፔስ» «ሕዋ» ብሎ የተረጎመም አለ፤ ስለዚህ ሠዓሊቷ «በሕዋ ላይ ያላትን ጥያቄ» ታነሳለች ተብሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሦስት ሳምንት ቆየ። ማንም አላረመው። ማንም አላነበበውማ።

ከሁሉም ያደከመኝ «ሜሞሪ» ነው። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሰባት ጊዜ ይመጣል። «ትውስታ» ልለው እችላለሁ፤ ደረቅ ነው፣ ግን አይዋሽም። «ትዝታ» ብለው ደግሞ ሙሉ ቅኝት ይዞብኝ ይመጣል፤ ማሲንቆው፣ የራቀው ሰው፣ ሌሊቱ። ሠዓሊዋ የምትሠራው ስለ ሴት አያቷ ቤት ነው፤ ቤቱ ፈርሷል። ሦስት ጊዜ «ትውስታ» አልኩና አራተኛው ላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ «ትዝታ» ብዬ ጻፍኩት። እንግሊዝኛው ላይ አንድ ቃል ነው። አማርኛው ላይ ሁለት ሆነ፤ ያነበበ ሰው የት ላይ እንደታጠፈ ይወቅ።

እዚህ ላይ የሚቆጣኝ ሰው አለ። «የዘመናዊ ጥበብ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ሕዝቡም አይመጣ፤ አማርኛው ለደንቡ ነው» የሚል። ይሄን በቀጥታ ብለውኛል። እስቲ ራስ ሆቴል የነበረውን ጦቢያ ግጥም በጃዝን ያስታውስ። በወር አንዴ፣ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ አዳራሹ ሞልቶ ግጥም ለመስማት ይቀመጥ ነበር። በአማርኛ። ከኋላ ሳክስፎን እየተነፋ። ጃዝ የኛ ቃል አይደለም፤ ማንም ግን በሩ ላይ ቆሞ «ጃዝ ይገባኛል ወይ?» አላለም። የገባው ለግጥሙ ነው፤ ሲወጣ ጃዙንም ወዶት ነው። ከዚያው አዳራሽ የወጣ ሰው በማግስቱ ወደ ሥዕል ቤት ለምን እንደማይሄድ ሳስብ፣ የማገኘው መልስ ስለ ሥዕል አይደለም።

ደግሞስ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ምን ሊባል ነው? ሐረር ተወልዶ፣ ከብራና ሥዕል ጋር ትውውቅ ያለው የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ሆኖ፣ እርሻ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትቶት፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ረቂቅ ሥዕል፣ የሚታየውን ነገር እንዳለ የማይቀዳው፣ ብዙዎችን አስደነገጠ። «ይሄ የኢትዮጵያ ሥዕል ነው ወይ?» የሚል ክርክር ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም። ያ ሁሉ ክርክር ግን የተካሄደው በአማርኛ ጭምር ነው፤ ጋዜጣ ላይ፣ በዚያው ሰው ቋንቋ። ሠዓሊው ራሱ የአማርኛ ገጣሚ ነበር፤ ያውም እንዲህ እንደዋዛ የሚነሳ አይደለም። በአማርኛ ያስብ የነበረ ሰው ነው ረቂቁን የሣለው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ አረፈ። ጀርመን ቆይተው የተመለሱ ሥራዎቹ ዛሬ ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ በተሰየመው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም አሉ፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አሜሪካዊት ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራዎቿን ያሳየችው እዚያው ነው። የሚገርመኝ ከዚያ ዘመን ወዲህ ቃሉ ሊበዛልን ሲገባ ማነሱ ነው። ያኔ ስለ ረቂቅ ሥዕል በአማርኛ የሚጣላ ሰው ነበር። አሁን የሚጣላም የለም፤ ሁላችንም «ዋው» ብለን ፎቶ ተነስተን እንወጣለን። እኔንም ጨምሮ።

ገጽ አሥራ ሦስት። «ፋውንድ ኦብጀክት»። የተገኘ ዕቃ።

ይሄ ቃል ያደገው ሰው ዕቃ በሚጥልበት አገር ነው። ሠዓሊው መንገድ ላይ ሲሄድ የተጣለ ወንበር «ያገኛል»። አዲስ አበባ ላይ ምን ይገኛል? ቆራሌው አለ። ከጠዋት ጀምሮ እየጮኸ በየበሩ ይዞራል፤ ባዶ ጠርሙሱን፣ የተሰበረውን ብረት ድስት፣ የሞተውን ሬዲዮ ተከራክሮ ይገዛል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስዶ ይሸጣል፤ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ ይፈታዋል፣ ይለየዋል፣ ሽቦውን ለብቻ ብሎኑን ለብቻ አድርጎ ዋጋ ይቆርጥለታል። የሚጣል ነገር የለም፤ ገዢውን የሚጠብቅ ነገር ነው ያለው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠቅሞ እነዚያን ግዙፍ ሥራዎች ሲሠራ ዕቃውን አላገኘውም፤ ተጫርቶ ገዝቶታል። ስለዚህ በመጽሔቱ ውስጥ ለሌላ ወጣት ሠዓሊ የተጻፈውን «የተገኙ ዕቃዎች» ትቼ «ከቆራሌው የተገዙ ዕቃዎች» ብዬ ጻፍኩ። ሠዓሊውን ደውዬ ጠየቅሁት፤ «እንዴ፣ ከየት ሊሆን ኖሯል?» አለኝ።

ኤልያስን ካነሳሁ አክስቴ ትምጣ።

እቴቴ እንጦጦ ሥር ነው ያደገችው። ሰፌድ ሰፍታ፣ መሶብ ሰፍታ፣ ሦስት ልጅ አስተምራለች። አንድ ጊዜ ካላስጎበኘሁሽ ብዬ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ወሰድኳት፤ ኤልያስ ስሜና አጋፋሪዋ መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያቆሙት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ግቢ ነው። ስሙን ያገኘው በለጋ ዕድሜዋ ከሞተችው ሠዓሊ ከዞማ ሽፈራው ነው። እቴቴ ሥዕል አይታ ምንም አላለችም። ግድግዳው ላይ ግን መዳፏን አሳረፈችና ቆየች። «ይሄን ምርጊት ያሸው ሰው ጭዱን አልሰሰተም» አለች። ቀጠል አድርጋ «ገንዘብ ያለው ሰው ግን ለምን በጭቃ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ መልስ አልነበረኝም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ዐውደ ርዕይ ላይ ከኤልያስ የሽቦ ሥራ ፊት አቆምኳት። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ማሳ። ከጎኑ ያለው መግለጫ በአማርኛ «ቅይጥ ቁስ» ይላል። እቴቴ መነጽሯን አወጣችና አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ጠጋች። ጥበቃው ተነሳ፤ በእጄ ለመንኩት። ጣቷን ሳታስነካ በአየር ላይ መስመሩን ተከተለች፤ ሽቦው በሽቦ ላይ ተጎንጉኖ፣ ዞሮ፣ ከራሱ ጋር ተገናኝቶ ከእንጨቱ ጋር ተያይዟል።

«ስፌት ነው» አለች።

«ሽቦ እኮ ነው፣ እቴቴ።»

«ሽቦ መሆኑንማ አያለሁ፤ አልታወርኩም። እየውማ፣ ይሄኛው አለላው ነው። ቀለሙን ሲቀይር አቋርጦ አልገባም፤ ከሥር አሳልፎ ነው ያወጣው። ወስፌ የያዘ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።» ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «እዚህ ጋ ግን ተቸኩሏል።»

ያሳየችኝ ቦታ መዳፍ የማታህል ነበረች። እውነትም ጉንጉኑ ላልቷል። ያንን ሥራ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር፤ ስለ እሱ የተጻፈ እንግሊዝኛም ተርጉሜ ገንዘብ ተቀብያለሁ። ስለ ቴክኖሎጂ ብክነት፣ ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ። ሁሉም ልክ ነው። የላላውን ቦታ ግን አላየሁም ነበር። ሠዓሊው እያወቀ ያላላው ይሁን፣ ደክሞት ይሁን፣ እስካሁን ያንን ቦታ ነው የማስበው።

ቤት ስንደርስ «ቅይጥ ቁስ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ለካ መግለጫውንም አንብባው ኖሯል።

ለዚህ ነው ገጽ አሥራ አራት ላይ «ሚክስድ ሚዲያ»፣ ያው «ቅይጥ ቁስ» የሚባለው፣ ሲመጣ አልፈው ያልቻልኩት። ያለውን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘርኩት፦ የስልክ ሽቦ፣ ቆርኪ፣ የጆንያ ክር፣ የሳር ቀለም። ዲዛይነሩ ደወለና «አይበቃም፣ አንድ መስመር ነው የሰጠሁህ» አለ። እውነቱን ነው፤ አማርኛው ከታች፣ በትንሽ ፊደል፣ ከእንግሊዝኛው በሚተርፈው ቦታ ነው የሚገባው። እንግሊዝኛው ተቀምጦ አማርኛው ይቆማል። ከዓመት በፊት ጭራሽ ማተሚያ ቤት ደርሶ ፊደሉ ስላልተጫነ «ኀ» እና «ፀ» በባዶ ሳጥን ወጥተው ነበር። ሦስት መቶ ቅጂ ተበትኗል።

የመጨረሻው ገጽ አድራሻ ነው። ቀላል ይመስላል፤ በእንግሊዝኛው ካርታና የጎግል ምልክት አለ። በአማርኛው ግን አቅጣጫ መጻፍ አለብኝ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው በመንገድ ስም አይሄድም፤ «ከእንትን ፊት ለፊት፣ ከእንትን ጀርባ» እያለ ነው። የቆየውን ጽሑፍ ከፈትኩ። አንድ ዳቦ ቤት ይጠቅሳል፤ ፈርሷል። አንድ የድሮ ሲኒማ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይጠቅሳል፤ ተነስቷል። ከፒያሳ ሲመጡ ታክሲ የሚያዝበትን ጥግ ይጠቅሳል፤ ጥጉ ራሱ የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈርሰው የከተማዋ መንገድ ሰፋ፣ መብራቱም አማረ፤ አንድ ሰው ግን «ከየት ዞሬ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ የለኝም። ሠዓሊዋ በገጽ አሥራ አንድ ሰባት ጊዜ «ሜሞሪ» ያለችው ስለዚህ ነው መሰለኝ። ካርታው ግን ምንም አልጎደለበትም።

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የጻፍኩት አሁንም የቆሙትን ነገሮች ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አንድ ትልቅ ዋርካ። ዋርካው እስኪታተም ይቆይ ብዬ ተሳልኩ።

ዓርብ ላክሁላት። «መፀው»ንም አልነካሁትም፤ ማብራሪያ ግን ጨመርኩበት፦ ፎል ለሚገባው ፎል አለለት፣ መፀው ለሚገባው መፀው፤ አንዳቸው ለአንዳቸው ቦታ ይልቀቁ፤ ሽፋኑ ላይ አማርኛው ይቅደም። ቅዳሜ ዝም አለች። እሑድ ማታ መልስ መጣ። አለቃዋን አሳምናለች፤ ሽፋኑ ላይ ብቻ፣ ለዚህ ወቅት ብቻ። «ጋሼ፣ አያቴን ጠየቅኋት፤ መፀውን ታውቀዋለች» የሚል ጨምራበታለች። ልጅቷን ይባርካት።

መጽሔቱ ታትሞ የመጣው ከመስቀል በፊት ነው። ሽፋኑ ላይ በትልቅ ፊደል «የመፀው መርሐ ግብር»፣ ከሥሩ አነስ ብሎ እንግሊዝኛው። «ፀ»ም ሳጥን አልሆነችም። ከሥሩ የመክፈቻው ቀን፦ መስከረም 20። ጊዜ ሳላጠፋ ለእቴቴ ይዤላት ሄድኩ፤ ቡና እያፈላች ነበር። እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ሽፋኑን በእጇ ርዝመት ያህል አራቀችና ጮክ ብላ አነበበችው።

ዝም አለች። ጣቷን መቁጠር ጀመረች።

«መስከረም 20 ገና ክረምት ነው» አለችኝ። «መፀው የሚገባው በ26 አይደል እንዴ? ክረምት እኮ እስከ 25 ነው። ማን ነው የጻፈው?»

ቡናውን ቀዳችልኝ። መክፈቻው ዕለት ይዣት ሄድኩ፤ ከታክሲው ስንወርድ ዝናቡ ወረደ፣ ዋርካው ሥር ተጠለልን፤ እሷ ጃንጥላ ይዛ ነበር።